በትምህርት ቤት ስለ መታሰቢያ፤ ስለ ስልክና ስለ ደንብ ልብስ የተነገረ ቃል



የደብር በዓለ ኢዮቤልዩ ሲከበር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው ነው። መሠረቱን ማን እንደ ጣለ፤ ጕልላቱን ማን እንዳሠራ፤ ደወሉ ከየት እንደ መጣ፤ በየዘመኑ የተሾሙት አለቆች እነማን እንደ ነበሩ ይጻፋል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ቅጽር ጋራ በአንድ ግንብ የተያያዘው ትምህርት ቤት የበዓሉ ባለቤት ሆኖ ሳለ ስሙ የሚነሣው በመጨረሻ፤ ያውም ለሚዘምሩት ልጆች ምስጋና ሲቀርብ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚነገረው ቃል ስለ ግንቡ ሳይሆን ከግንቡ ወዲያ ስለሚማሩት ልጆች ይሆናል።

በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወላጆችን በአዳራሽ ሰብስቦ ሦስት ነገር አስታወቀ። አንደኛው የካቲት 12 ቀን የሰማዕታት መታሰቢያ ከእንግዲህ ወዲህ በምን ሥርዓት እንደሚከበር ነው። ሁለተኛው ተማሪዎች ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዘው ወደ ክፍል እንዳይገቡ ነው። ሦስተኛው የደንብ ልብስ ነው። ወላጆች ከአዳራሹ ሲወጡ የተነጋገሩት ግን ስለ ስልኩ ብቻ ነበር፤ አንዳንዱም ሦስቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው የማይገናኙ መስለው ስለ ታዩት «ርእሰ መምህሩ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ቀን አራገፈብን» እያለ አጕረመረመ። ሦስቱን ያስከተለው ግን አንድ ቀን ነው፤ ይኸውም ያለፈው ዓመት የካቲት 12 ቀን ነው።

በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ አንድ ሽማግሌ ጋብዞ ነበር። የእኒህ ሽማግሌ አባት በ1929 ዓመተ ምሕረት በዚያው ሳምንት ከቤታቸው ተወስደው ሳይመለሱ የቀሩ ናቸው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ስለ ነበሩ ነገሩን የሚያውቁት ከእናታቸው አፍ ነው። ዛሬ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቷል፤ ድምፃቸውም ደክሟል፤ ይሁን እንጂ ወንበር ቢቀርብላቸው ቆመው መናገርን መረጡ። መናገር እንደ ጀመሩም ከፊታቸው የተሰበሰቡት ተማሪዎች ሥዕላቸውን ያነሡ ዘንድ ስልካቸውን ከፍ ከፍ አደረጉ። ልጆቹ ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ እንዲያውም ማክበር መስሏቸው ነው። ሽማግሌው ግን ዓይናቸው የፈዘዘ በመሆኑ በፊታቸው የታያቸው የልጅ ፊት ሳይሆን የጥቁር መስተዋት ረድፍ ሆነ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፤ ፊታችሁ የት አለ? ለማን ልንገር?» ብለው ጠየቁ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሣቁ። ሽማግሌውም የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

በዚያው ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ የደንብ ልብሱ ሱሪ ስለ ተቀደደ የወንድሙን ሱሪ ለብሶ መጣ። የትምህርት ቤቱ ሱሪ ሰማያዊ ነው፤ የወንድሙ ግን ቡናማ ነው። ዘበኛውም እንደ ታዘዘው ከበር መለሰው። ልጁ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ እናቱ ሥራ ውላ ቤቱ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገብቶ ከግንቡ ሥር ተቀመጠ። ጓደኞቹ ስለ ሰማዕታት በዝምታ ሲቆሙ እርሱ በግንቡ ማዶ ብቻውን ነበረ። ከጸሎት በኋላ የወጡት ቄሰ ገበዝ አገኙትና «ልጄ፤ ለምን ከትምህርት ቤት ቀረህ?» ቢሉት «አባ፤ ሱሪዬ ልክ አይደለም» አላቸው። ቄሰ ገበዙም እጁን ይዘው ወደ ርእሰ መምህሩ ወሰዱት።

ርእሰ መምህሩ ይህን ሁሉ፤ የሽማግሌውንም የልጁንም ነገር፤ በመስከረሙ ጉባኤ ላይ ሳይሸፍን ለወላጆች ነገረ፤ «ሁለቱም የሆኑት በኔ ቸልተኝነት ነው» አለ። ሰው በሹመቱ ላይ ሳለ ጥፋቱን በአደባባይ ሲናገር መስማት ያልተለመደ ስለ ሆነ አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ያዘጋጀውን ሥርዓት አነበበ።

የመታሰቢያው ነገር በመጀመሪያ ይነገር ዘንድ ይገባል። የካቲት 12 ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው በስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ነው፤ በዚያ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው በየቀኑ ያየዋል፤ የተቀረጸበትን ግን ቀርቦ የሚመለከት ጥቂት ነው። ነገሩ የሆነው በ1929 ዓመተ ምሕረት የካቲት 12 ቀን ዓርብ ነው። የኢጣልያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፤ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ተወለደለት ለድኆች ምጽዋት ይሰጥ ነበር። በዚያን ጊዜ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ላይ መዓት ወረደ። ሰው በጥይት፤ በጩቤ፤ በዱላና በአካፋ ተገደለ፤ ጎጆዎችም በውስጣቸው ካሉት ሰዎች ጋራ ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከድል በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቍጥር 30 ሺሕ ነው፤ በቅርብ ዘመን ነገሩን የመረመረው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺሕ ገደማ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ሳምንታት ደግሞ የተማሩት ወጣቶች፤ በውጭ አገር የተማሩትና ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡት፤ ተለይተው እየተፈለጉ ተገደሉ። ትምህርት ቤቶች ይህን ቀን ከሌላው በዓል ሁሉ ይልቅ የራሳቸው ሊያደርጉት የሚገባው ስለዚህ ነው፤ የተፈለገው ፊደል የቈጠረው ሰው ነበርና።

ለካህናት ወገን ደግሞ ነገሩ በዚያ አላበቃም። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ቦምብ ለጣሉት መጠጊያ ሆኗል ብሎ ስለ ጠረጠረ ጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲን ላከበት። ግንቦት 12 ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ስለ ሆነ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ጊዜ ነበረ። በማግሥቱ በግንቦት 13 ቀን መነኮሳቱ ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች እንደ ተገደሉ አስታወቀ። ዲያቆናቱ በዚያ ቀን አልተገደሉም፤ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እነርሱም እንዲገደሉ ትእዛዝ መጣና በእንገጫ ተረሸኑ፤ ቴሌግራሙም 129 ዲያቆናት ይላል። የቀሩት 30 ልጆች ብቻ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በሠሩት ምርመራ ግን በደብረ ሊባኖስ ነገር የተገደሉት በጠቅላላው ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳሉ።

እነዚያ 129 ዲያቆናት ማን ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነው። በገዳም ያለ ዲያቆን ማለት በአብዛኛው ገና ያልጨረሰ ተማሪ ማለት ነው። ጧት ዜማውን የሚቀጽል፤ ማታ ንባቡን የሚያስመሰክር፤ በመካከሉ ውኃ የሚቀዳ፤ እንጨት የሚለቅም ልጅ ነው። በዛሬው አነጋገር ተማሪዎች በሞሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ የተደረገ ነገር ነው። እንግዲህ በቅጽሩ ማዶ ያሉት ልጆች እነዚህን ሲያስቡ የሚያስቡት የሩቅ ጀግና ሳይሆን የክፍል ጓደኛቸውን ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማሰብ ማለት ስም መጥራት ነው። በፍትሐት ጊዜ ካህኑ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብሎ ነው፤ ለዐርባውም፤ ለሰማንያውም፤ ለሙት ዓመቱም እንዲሁ ነው። ሀብታም ይሁን ድኻ፤ ባለ ማዕርግ ይሁን ገበሬ፤ በዚያ ሰዓት የሚጠራው ያው አንድ ስም ነው። በትምህርት ቤቱ ሲደረግ የቈየው መታሰቢያ ግን ከዚህ ርቆ ነበር። ድንኳን ይተከላል፤ የክብር እንግዶች በየተራ ይናገራሉ፤ ልጆች የእንጨት ጠመንጃ ይዘው ቴያትር ይሠራሉ፤ ኢጣልያዊ የሚሆነው ልጅ አፍንጫውን ቀለም ይቀባል፤ ሰውም ይሥቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተማሪው ፀሐይ መትቶት ወደ ክፍል ሲገባ አንድ እንኳ የሟች ስም ሰምቶ አይገባም። ይህን የሚያህል ድካም ወጥቶበት ስም ሳይጠራ መቅረቱ የሚገርም ነው።

በአዲሱ ሥርዓት ድንኳን የለም። ከጧቱ በሦስት ሰዓት ተማሪዎች ይሰበሰባሉ። ከየካቲት በፊት ባሉት ወራት አንድ ክፍል ተመርጦ ልጆቹ እያንዳንዳቸው ከአያታቸው፤ ከጎረቤት ወይም ከደብሩ አረጋውያን በዚያ ዘመን የሞተ ሰው ስምና የሞተበትን ስፍራ ጠይቀው በደብተር ይጽፋሉ። ስም ያላገኘ ልጅ «አላገኘሁም» ብሎ ይጻፍ እንጂ ከልቡ ፈጥሮ እንዳይጽፍ ታዟል። በቀኑ ስሙ ይነበባል፤ በንባቡ መጨረሻም በደብሩ አለቃ ፈቃድ ደወሉ ይደወላል፤ ጥቂት ዝምታም ይሆናል። ከዚያ ወደ ትምህርት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ የተረሸኑት የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ቀን በክረምት ዕረፍት ስለሚውል የእርሳቸውም ስም በዚሁ ቀን ይጠራል።

በጉባኤው ላይ አንድ ወላጅ ተነሥቶ «እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ልብ ቂም አይዘራም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቂም የሚዘራው ግን ብዙ ጊዜ በጩኸትና በቴያትር እንጂ በተጠራ ስም አይደለም። ዛሬ በሮማ የሚኖር የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ግራዚያኒ ሥራ አይጠየቅበትም። ነገር ግን በኢጣልያ አገር አፊሌ በተባለችው ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ለዚሁ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶለታል። ለገዳዩ መታሰቢያ ሲቆም ለተገደሉት ዲያቆናት ስም የሚጠራ ሰው ቢጠፋ፤ ይህ ይቅርታ ሳይሆን መርሳት ይባላል።

ወደ ስልኩ ነገር ሲመጣ አስቀድሞ በካህናት ላይ የሚነገር አንድ ወሬ ማንሣት ያስፈልጋል። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የአዲስ አበባና የሐረር መስመር የተዘረጋው በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ካህናት «ሰውየው ሳይታይ ድምፁ የሚሰማው የሰይጣን ሥራ ቢሆን ነው» ብለው ተቃወሙ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረክባቸዋል። ዛሬ ግን ስልክ የሌለበት የካህን ኪስ አይገኝም፤ በቅዳሴ መካከል የሚጮኸውም ስልክ ሁልጊዜ የምእመን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስለ ልጆቹ ስልክ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የራሱን ቢያጠፋ መልካም ነው። ርእሰ መምህሩም ይህን ስለ ተረዳ ደንቡን ለመምህራንም አደረገው፤ በክፍል ውስጥ የመምህርም ስልክ አይወጣም።

ነገሩ በዚህ ትምህርት ቤት ብቻ የተጀመረ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ፈረንሳይ ከአንደኛና ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሕግ ከለከለች፤ ሆላንድ በ2024 መጀመሪያ ከክፍል እንዲወጣ አደረገች፤ ብራዚል በ2025 መጀመሪያ ሕግ አወጣች። በ2015 በእንግሊዝ አገር በአራት ከተሞች የተደረገ አንድ ጥናት ስልክ በተከለከለ ጊዜ ደካማ ተማሪዎች በፈተና እንደ ተሻሻሉ፤ ጐበዞቹ ግን ምንም ለውጥ እንዳላሳዩ ገለጠ። ከዚያ በኋላ በስዊድን የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ይህን ጥቅም አላገኘበትም። እንግዲህ ስልክ በመከልከሉ ብቻ ልጁ ሊቅ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ወላጅ ቢኖር ያዝናል።

ጥቅሙ ሌላ ዘንድ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተማሪው የቅኔውን መንገድ ከመምህሩ ከሰማ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ይወጣል፤ በዚያም ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ጀማሪው ግን እነዚያን ሁለት ቤቶች ሲፈልግ ቀኑ ይመሽበታል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ። ግሱን ያነሣል፤ ይጥላል፤ ምሥጢሩ መጣሁ ሲል ቤቱ ይሰበርበታል፤ ቤቱ ሲገጥም ምሥጢሩ ይጠፋበታል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የሚጠራው ሰው የለም፤ የሚሰማው የወፍ ድምፅና የራሱ ሆድ ጩኸት ብቻ ነው። ማታ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ በአንድ ቃል ሊያፈርስበት ይችላል፤ በማግሥቱም እንደ ገና ይወጣል፤ የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና። ልጁ በዚያ ጫካ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ቅኔው ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ባዶ ሲሆን ሳይፈራ መቀመጥን ይማራል። ዛሬ ልጅ ከስልኩ ጋራ ሲውል እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት እንኳ አያገኝም። ሐሳብ ሊፀነስ ሲል ስልኩ በኪሱ ይንቀጠቀጣል፤ ጥያቄው ገና ሳይከብደው መልሱ በመስተዋቱ ላይ ይወጣል። ስልክ ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በስልክ መዝገበ ቃላት ይነበባል፤ ከሩቅ አገር ካለ መምህር ዜማ ይሰማል፤ በሰው አገር ያሉ ልጆች ውዳሴ ማርያም በዚህ ይማራሉ። ነገር ግን ለሁሉ ጊዜ አለው፤ የክፍሉም ጊዜ የስልክ ጊዜ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለእናት ልብ ግን መልስ አይሆንም። በጉባኤው ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «መምህር፤ እኔ ከሥራ የምወጣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ልጄ ታክሲ ሲጠፋ፤ መንገድ ሲዘጋ፤ የት እንዳለች በምን ልወቅ?» ብለው ጠየቁ። ርእሰ መምህሩም «እናቴ፤ እውነትዎን ነው። ስልኩን አንነጥቃትም። ጧት ከበር ተቀብለን ስሟ በተጻፈበት ከረጢት እናስቀምጣለን፤ ስትወጣ ትወስዳለች። በመካከሉ የሚያስቸኵል ነገር ቢመጣ በጽሕፈት ቤቱ ስልክ ይደውሉ፤ ልጅዎ ትጠራለች» አላቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት «የጽሕፈት ቤቱን ስልክ ማን ያነሣዋል!» ቢል አዳራሹ በሣቅ ሞላ። ርእሰ መምህሩም አፍሮ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን የምታነሣ አንዲት ጸሓፊ መደበ። ደንብ አውጪ ሁሉ እንዲህ ያለ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ስልኩ ከከረጢቱ ቢጠፋ ትምህርት ቤቱ እንደሚተካ፤ የስኳር ሕመም ኖሮበት የደሙን ልክ በስልክ የሚከታተል ልጅም ስልኩን ከእጁ እንዳይለይ ተወሰነ።

አሁን የቀረው የልብስ ነገር ነው፤ ይህም ከሦስቱ ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታይ፤ ነገር ግን ልጅን ከበር የመለሰው እርሱ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለም የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የቆሎ ተማሪ የደንብ ልብስ ደበሎ ነው። ከበግ ለምድ የተሠራ ደበሎ በትከሻው፤ አኩፋዳ በጎኑ፤ ለውሻ መከላከያ የሚሆን ዱላ በእጁ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ይለምናል። የባላባት ልጅም ቢሆን ቅኔ ቤት ከገባ ደበሎ ለብሶ ከድኻው ልጅ ጋራ ይወጣል፤ ከአባቱ ቤት ስንቅ እየተላከለት የሚማር ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ ይናቅ ነበር። በጉባኤው መካከል ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚታወቀው በልብሱ ሳይሆን በቅኔው ነው። ደበሎ ቅማል እንደሚያፈራና ዝናም ሲመታው እንደሚከብድ ግን አብሮ መነገር አለበት፤ ያለፈውን ሁሉ ማር አድርጎ መናገር ውሸት ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ መልካምነት ነበረው፤ ደበሎ የሌለው ተማሪ ከመምህሩ ደጅ አይመለስም።

በሌላውም ዓለም የደንብ ልብስ የተጀመረው ለድኻ ልጅ ነው። በለንደን በ1552 ለድኆችና ለሙት ልጆች የተቋቋመው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ረጅም ሰማያዊ ካባና ቢጫ ካልሲ አለበሳቸው፤ ዛሬም የሚለብሱት ይህንኑ ነው። የታረዘውን ለማልበስ የተጀመረው ነገር ከጊዜ በኋላ የባለጠጎች ትምህርት ቤት ምልክት ሆነ። ከዚያም አልፎ ለወላጅ ሸክም ስለ ሆነ በእንግሊዝ አገር በ2021 ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ዋጋ እንዲቀንሱ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በአዲስ አበባም በ2012 ዓመተ ምሕረት የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ መስጠት ጀመረ፤ የደብሩ ትምህርት ቤት ግን የመንግሥት ስላልሆነ ከዚህ አልደረሰውም።

በደብሩ ትምህርት ቤት ሹራቡም ሱሪውም ከአንድ ሰፊ ብቻ እንዲገዛ ታዞ ቈይቷል፤ በደረቱ ላይ የሚጠለፈውም ምልክት ከሹራቡ ይልቅ ውድ ነበር። አሁን ይህ ቀርቷል። ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን እንጂ ወላጅ ከወደደው ሰፊ ያሰፋል፤ ምልክቱ በትንሽ ጨርቅ ተሠርቶ በነፃ ይሰጣል። ለታላላቆቹ የጠበበውን ልብስ የደብሩ እናቶች አጥበውና ጠቅመው በዕቃ ቤት ያስቀምጣሉ፤ የሚያስፈልገው ልጅ እናቱ ወይም አሳዳጊው ማታ ማታ መጥተው ይወስዳሉ፤ በልጆች ፊት ግን አይሰጥም። ከሁሉ በላይ፤ በልብሱ ምክንያት ከበር የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር ተደንግጓል። ዘበኛው ስሙን ጽፎ ያስገባዋል፤ የጐደለውን መፈለግ የትምህርት ቤቱ ሥራ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ አባት «እንዲህ ከላላማ ነገ ሁሉም እንዳሻው ለብሶ ይመጣል» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። አንዳንድ ልጅ ቸግሮት ሳይሆን ለመታየት ብሎ ሌላ ልብስ መልበሱ አይቀርም፤ ይህንም መለየት የመምህሩ ድካም ነው። የጥቁር ቆዳ ጫማው ነገር ደግሞ ሳይቈረጥ አደረ። በላስቲክ ጫማ የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ጫማ እንደ ሹራብ ከታላቅ ወደ ታናሽ አይተላለፍም፤ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ ሰበካ ጉባኤው እንዲመክርበት ተላልፎለታል። ይህ መጽሐፍ ሲታተም ምክሩ ገና አላለቀም፤ ጫማ ለመግዛት የሚችል ምእመን ቢኖር ቄሰ ገበዙን ይጠይቅ።

ከጉባኤው በኋላ ርእሰ መምህሩ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሚመጣው የካቲት እንዲመጡም ለመናቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ «እግሬ ደክሟል» አሉ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ግን እንደሚመጡ ተናገሩ፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ ሳይሆን በልጆቹ መካከል እንዲቀመጡ፤ ልጆቹም ወደ እርሳቸው ዞረው እንዲቀመጡ አሉ። ከትራሳቸው ሥርም አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡት፤ በወረቀቱ ላይ የአባታቸው የክርስትና ስም ተጽፎበታል።

ስም እንዲያነቡ በዚህ ዓመት የተመረጡት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ የዋለው ልጅ ከእነርሱ ጋራ ነው። እስካሁን በደብተራቸው የተጻፈው ስም 31 ነው። የእርሱ መስመር ገና ባዶ ስለ ነበረ የሽማግሌው ወረቀት ለእርሱ ተሰጠው፤ በየቀኑ ከትምህርት በፊት ጮኾ እያነበበ ይለማመዳል።